ሁለት ትርፍ ዓይኖች

ጋሽ ብሩሽ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ነገር ግን በፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጫፏ ከሦስት ጠጉር በማይበልጥ ብሩሽ የደንበኛውን ጠባሳ ሲሸፍኑ፣ የሙሽራዋን ብጉር ሲያጠፉ፣ በብልጭታው ደንግጦ የጨፈነውን ሰው ዓይን ሲከፍቱ ስለኖሩ ቅጽላቸው ስማቸውን ዋጠው። ከእጃቸው የወጣ ሰው ከመጣበት ይልቅ አምሮ ይሄድ ነበር።

ዘመኑ ተለውጦ ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ጋሽ ብሩሽም ሁለት ዓመት ያህል ቤት ዋሉ። ቤት መዋል ለለመደው ዕረፍት ነው፤ ላልለመደው ግን እንደ ጠበበ ጫማ ነው፤ ቢቆሙም ቢቀመጡም ያው ይቆነጥጣል። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው የእህታቸው ልጅ አሮጌ ኮምፒውተሯን አምጥታ በምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችላቸው። የቁልፎቹን ሥራ ባለ መስመር ደብተር ላይ በተራ ቁጥር እየጻፉ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን አንድ በአንድ ተማሩ። ከሁሉም አብልጠው የወደዱት የመጨረሻውን ሥራ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ትእዛዝ ነበር። በብሩሽ ዘመን የፈሰሰ ቀለም ፈስሶ ይቀር ነበርና፣ ስሕተትን እንዳልተሠራ የሚያደርግ ቁልፍ አለ ሲባሉ መጀመሪያ አላመኑም፤ ከዚያም ለሙከራ ሲያበላሹና ሲመልሱ ግማሽ ቀን ዋሉ።

የእህታቸው ልጅ በሰብል ጥበቃ ተቋም ውስጥ የነፍሳት ተመራማሪ ናት። በልጅነቷ ከጉንዳን ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክካ ስለምትውል ቤተሰቡ "ጉንዳን" ይላት ነበር፤ ዛሬም፣ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ የማዕረግ ስሟ በቢሮዋ በር ላይ ተሰቅሎ፣ ቤት ስትገባ ያው ጉንዳን ናት። ተቋሙ ለእህል መጋዘን ሠራተኞችና ለአትክልተኞች የሚሆን፣ አንድ መቶ ሃያ ምስሎች ያሉት መጽሐፍ ሊያሳትም ሲነሣ፣ እሷ ፎቶውን እንድታነሣ፣ አጎቷ ደግሞ ምስሉን በኮምፒውተር እንዲያጠሩ ሐሳብ ያቀረበችው እሷው ነበረች።

የክፍሉ ኃላፊ አልወደዱትም። ኃላፊዋ የሰሙትን ነገር ሁሉ "ማስረጃ?" ብለው ሳይጠይቁ ስለማያልፉ፣ ሠራተኛው በሌሉበት "ወይዘሮ ማስረጃ" ይላቸዋል። "ፎቶ ቤት ያደገ እጅ ማሳመር እንጂ ማሳየት አያውቅም" አሉ። ጉንዳን "በእኔ ይሁን" አለች። ጋሽ ብሩሽ ሥራውን ያገኙት በዚህች ቃል ነው፤ ቢሳሳቱ የሚወድቀው የእሳቸው ስም ብቻ እንዳልሆነ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ካሜራ ለትንሽ ነገር በጣም ሲቀርብ አጥርቶ የሚያየው የጠጉር ውፍረት ያህል ብቻ ነው፤ የዝንቧ ዓይን ከጠራ ክንፏ ጭጋግ ይሆናል፣ ክንፏ ከጠራም ዓይኗ ይጠፋል። ስለዚህ ጉንዳን የሞተችውን ፍጥረት በመርፌ ላይ አቁማ፣ ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጋች አርባ፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም ሰማንያ ጊዜ ታነሣታለች። ኮምፒውተሩ ከየምስሉ የጠራውን ቁራጭ ብቻ ለቅሞ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ፣ አንድ ሙሉ ምስል ያወጣል። ማሽን ግን ማሽን ነው፤ ሁለት እግሮች የተሻገሩበት ቦታ ላይ ይደናገራል፤ በጠጉሮች ዙሪያ እንደ ጭስ ያለ ጠርዝ ይተዋል፤ ካሜራው ውስጥ ያረፈችውን ብናኝ ሁሉ አጉልቶ ያመጣል። ያንን ማጽዳት የጋሽ ብሩሽ ድርሻ ሆነ። የሙሽራን ዓይነ ርግብ ክር በክር ያጠሩ ሰው ለሸረሪት እግር ጠጉር አልሰነፉም። ከዚህ ሥራ ወዲህ በየማለዳው ጢማቸውን መላጨት እንደገና ጀመሩ።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ጋሽ ብሩሽም "መምህርት" ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም። በመጀመሪያው ቀን ከኋላቸው ቆመው፣ ሃምሳ ምስሎች ተደራርበው አንዲት ሸረሪት ስትወጣ ተመለከቱና፣ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ፎቶ ቢያብር ሸረሪት ማሰሩን ግን ዛሬ አየሁ" አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ከምስሎቹ ሥር የሚገባውን ጽሑፍ ማረም የእሳቸው ሥራ ሆነ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ከእጃቸው የሚለየው ማንኪያ ሲይዙ ብቻ ነበር።

ሰማንያዎቹ ምስሎች ተቀባይነት አግኝተው፣ አርባው ገና ቀርቶ፣ የመጀመሪያው ክፍል ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት መምህርት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

"ስማ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ። ቁጥር ሰባ አራት። 'የመጋዘን ሸረሪት። በማጉያ መነጽር ዓይኖቿን ቁጠሩ፤ ስድስት ሆነው በሦስት ጥንድ ከተቀመጡ በባዶ እጅ አትንኩ።' ይላል ጽሑፉ።"

"እሺ።"

"ምስሉ ላይ ስምንት ናቸው።"

"ሸረሪት ስምንት ዓይን ነው ያላት" አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ። "ጽሑፉን አርሚው።"

"ጉንዳን የጻፈችውን?"

"ጉንዳንም ሰው ናት። ሠላሳ ሸረሪት በእጄ አልፏል፤ ከስምንት ያነሰ አላየሁም።"

መምህርት እስክሪብቷቸውን "ስድስት" በሚለው ቃል ላይ አሳረፉ፤ ሊሰርዙ ሲሉ ግን እጃቸው ቆመ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ደብተር ያረምኩ ሰው ነኝ" አሉ። "የተማሪው መልስ ከመጽሐፉ ሲለይ፣ አንዱ ተሳስቷል ከማለቴ በፊት አሠራሩን ነው የማየው። አሠራርህን አሳየኝ።"

የሌሎቹ ምስሎች መነሻ ፎቶዎች ወደ ተቋሙ ተመልሰው ነበር፤ አሮጌው ኮምፒውተር ብዙ አይሸከምም። የሰባ አራተኛዋን ሃምሳ ሁለት ምስሎች ግን ጋሽ ብሩሽ እስካሁን አላጠፏቸውም፤ ምክንያቱም ይኮሩባት ነበር። ለማሳየት ሳይሆን ለመርታት ሲሉ ከፈቷቸው።

በመጀመሪያዎቹ ምስሎች የታየው የፊት እግር ጠጉር ጫፍ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ቡናማ ጭጋግ። ወደ አሥራ አምስተኛው ሲደርሱ መሐል ላይ ሁለት ዓይኖች እንደ ጠል ጠብታ ጠሩ። በሃያ ሦስተኛው ደግሞ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ተጨመሩ። ከዚያ በኋላ ዓይኖቹ እየደበዘዙ ሄዱ፤ ጀርባዋም መጣ። ጋሽ ብሩሽ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና አንድ በአንድ አለፉ። እሳቸው ሁለት ዓይን ባኖሩበት ስፍራ የነበረው ዝም ብሎ የተኛ ጠጉር ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ያቺን ፊት ሲያዩ ባዶ ቦታ የበዛባት መስሏቸው ነበር። "በጠጉሩ ሥር ተሸፍነው ይሆናል" ብለው ለራሳቸው ፈረዱ። ከሌላ ሸረሪት ላይ ሁለት ዓይን ወሰዱ፤ አሳንሰው፣ ትንሽ አዘንብለው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ነጭ የብርሃን ነጥብ አኑረው፣ አንድ ጠዋት ሙሉ ደከሙባቸው። ከፎቶ ቤቱ ዘመን ወዲህ ያን ያህል ደስ ያላቸው ሥራ አልነበረም።

"ሁለቱ ከየት መጡ?" ጠየቁ መምህርት።

"ከቁጥር ስልሳ ሦስት።"

"ከጎረቤቷ።"

"ከጎረቤቷ።"

"ኮርጀሃላ" አሉ መምህርት፤ ይህን ያሉት ግን ለስለስ አድርገው፣ እስክሪብቶውንም ከድነው ነው።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል። የእሳቸው እጅ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የጎደለውን ሲሞላ፣ የበዛውን ሲቀንስ ኖሯል፤ አሁንም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሥራውን ሠርቶ ተቀምጧል። ሰባ አራተኛዋን በአንድ ጠዋት አስተካክሎ "የተሻሻለ" ብሎ መላክ ይቻል ነበር። ማንም አይጠይቅም። ግን የቀሩት ሰባ ዘጠኙስ? ከየትኛው ምን እንዳነሡ፣ በየትኛው ምን እንደጨመሩ አያስታውሱም። ለማወቅ መነሻዎቹ ያስፈልጋሉ፤ መነሻዎቹን ለማግኘት ጉንዳንን መጠየቅ፣ ከጠየቁ ደግሞ ምክንያቱን መናገር ሊኖርባቸው ነው። ከተናገሩም ወይዘሮ ማስረጃ ሥራውን ይወስዱባቸዋል፤ "በእኔ ይሁን" ያለችው ልጅም አንገቷን ትደፋለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚለው መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ሆኖ ታያቸው። ሻዩ በፊታቸው ቀዘቀዘ። ከዚያ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ማጉያውን ይዞ፣ ዓይኗን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ፣ "ይቺስ አይደለችም" ብሎ በጣቱ ሲያነሣት ታያቸውና ስልኩን አነሡ።

"ጉንዳን፣ የሰማንያውንም መነሻ ይዘሽ ነይ። ለማተሚያ ቤቱ ምንም እንዳትልኪ።"

"ምን ሆነ፣ ጋሼ?"

"ስትመጪ።"

በምሳ ሰዓት መጣች፤ የጭቃ ቦቲዋን በሩ ላይ አውልቃ በካልሲዋ ገባች። ጋሽ ብሩሽ ሳይቀመጡ ሁሉንም ነገሯት። ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ፣ አንድ ጊዜ ስድስቱን፣ አንድ ጊዜ ስምንቱን፣ ብዙ ቆይታ ተመለከተች።

"ያሳለፍኳት እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "መኪና ውስጥ ሆኜ፣ በስልክ ነው ያየኋት። 'እንዴት ታምራለች' ብዬ አለፍኩ።" ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። "ዓይን ያወጣ ውሸት በየቀኑ እሰማለሁ፣ ጋሼ። ዓይን ያስገባ ግን የመጀመሪያዬ ነው።"

መምህርት ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። ጋሽ ብሩሽ አልሳቁም።

"ለኃላፊዋ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ" አለች ጉንዳን።

"የምነግራቸው እኔ ነኝ።"

"አንተ አታውቃቸውም። በአንድ ጥያቄ ሰው ያደርቃሉ።"

"እኔ እንደሆንኩ ደርቄ የቆየሁ ነኝ" አሉ ጋሽ ብሩሽ። "ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ የሠራሁት ግን እኔ። ባለሥራው ይናገር። ብቻ ባዶ እጄን አልሄድም፤ ሁሉንም እንይ።"

ረቡዕና ሐሙስ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ምግብ አልቀረበም፤ ሦስቱም ወጥ ቤት ቆመው በሉ። በአንዱ ስክሪን መነሻው፣ ጉንዳን ባመጣችው በሌላው ደግሞ የጸዳው ምስል ተከፍቶ፣ መምህርት እንደ ፈተና ወረቀት እግር፣ ነጥብ፣ የቀንድ አንጓ እየቆጠሩ፣ ጉንዳን እየመሰከረች፣ ጋሽ ብሩሽ እየመዘገቡ አለፉ። ለእያንዳንዱ ምስል አንድ ገጽ ተሰጠው፤ ምን እንደተነሣ፣ ከስንተኛው ምስል ላይ ምን እንደተወሰደ ተጻፈበት። የመጀመሪያውን ጥፋት ያገኙት በአንዲት ባለ ነጥብ ጥንዚዛ ላይ ነበር፤ በግራ ክንፏ ላይ የሌላትን ነጥብ ጨምረውላታል። አምስት እግር የነበራት ፌንጣ ስድስተኛ ተሰጥቷታል። የቢራቢሮዋ የተቀደደ ክንፍ ተሰፍቷል።

"ይቺን ደግሞ ምን አድርገሃት ነው?" አሉ መምህርት አንዲት ተርብ ላይ ሲደርሱ።

ጋሽ ብሩሽ ተጠግተው አዩ። "የግንባሯን መጨማደድ ቀንሼላታለሁ።"

"ለእኔ እንኳ እንዲህ አላደረግክልኝም።"

"አንቺ መች ቁጭ ብለሽልኝ።"

በዚህ ጊዜ እሳቸውም ሳቁ፤ ለሁለት ቀን የታፈነው ሳቅ አንድ ላይ ወጣና ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ አላቆመም።

ያስቸገራቸው የብናኙ ጉዳይ ነበር። የትኛው የካሜራው፣ የትኛው የፍጥረቷ ነው? ሐሙስ ወደ ቀትር፣ የአንዲት ትልቅ ጥንዚዛን ስልሳ ምስሎች በፍጥነት ሲያሳልፉ ጋሽ ብሩሽ አንድ ነገር ልብ አሉ። አንዳንዱ ነጥብ ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቅ፣ ሳይደበዝዝም ባለበት ይቀመጣል፤ ያ ካሜራው ውስጥ ያለ ብናኝ ነው። ሌላው ግን ከጭጋግ ብቅ ይላል፣ ይጠራል፣ ተመልሶ ይደበዝዛል፤ ያ ከፍጥረቷ አካል ጋር ነው። ጥንዚዛዋ ሆድ ላይ እሳቸው የጠረጓቸው አሥራ አንድ ፍሬዎች ሁሉ ብቅ የሚሉ፣ የሚጠሩ፣ የሚደበዝዙ ነበሩ። ጉንዳን አጉልታ አየቻቸው። እያንዳንዳቸው እግር ነበራቸው፤ ጥንዚዛዋ ላይ የሰፈሩ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። ጋሽ ብሩሽ ደብተራቸውን አውጥተው ያችን ደንብ ከቁልፎቹ ዝርዝር ሥር በትልቁ ጻፏት።

ጥፋቶቹ ዘጠኝ ሆኑ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ብሩሽ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወረቀቶቹን በብብታቸው ይዘው ወደ ተቋሙ ሄዱ። የኃላፊዋ ክፍል ሦስቱ ግድግዳዎች በጠፍጣፋ መሳቢያዎች የተሞሉ ናቸው፤ በየመሳቢያው በመርፌ የቆሙ ነፍሳት አሉ። ኃላፊዋ ጠጉራቸው የሸበተ፣ በግራ ጉንጫቸው ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ያለቻቸው አጭር ሴት ናቸው። ጋሽ ብሩሽ ከሰባ አራተኛዋ ጀምረው፣ ሳይቆርጡም ሳይቀጥሉም ተናገሩ። ኃላፊዋ እስኪጨርሱ ጠበቁና፣ "ማስረጃ?" አሉ።

ጋሽ ብሩሽ ዘጠኙን ጥንድ ምስሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። "ሁሉንም ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ አላወቀችም።"

ኃላፊዋ አንድ በአንድ አዩ። "ነጥቧን ለምን ጨመሩባት?"

"ግራና ቀኟ አልመጣጠን ብሎኝ።"

"የእርስዎ ይመጣጠናል?"

"አይመጣጠንም። ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ነው።"

ኃላፊዋ ትከሻቸውን ለማረጋገጥ ያህል ቀና ብለው አዩና ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። "ዘጠኝ ብቻ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?"

ጋሽ ብሩሽ ሰማንያውን ገጽ አቀረቡ፤ የብናኙንም ደንብ አስረዱ። ኃላፊዋ ገጾቹን ሳያዩ፣ "ቁጥር ሦስትና ቁጥር አርባ ስምንት" አሉና በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ መነሻዎቹን ከፈቱ። ጋሽ ብሩሽ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ማውሱ ጠቅ ጠቅ አለ። ቁጥር ሦስት አለፈች። ቁጥር አርባ ስምንት ላይ ማውሱ ቆመ።

"እዚህ እግር ላይ፣ በማሽኑ ሥራ ሁለት ጠጉር ይታያል። እርስዎ ባጸዱት ላይ አንድ ነው።"

ጋሽ ብሩሽ ተነሥተው ተጠጉ፤ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፤ ገጻቸውንም በጣታቸው ተከተሉ። "ማሽኑ ደግሞት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ካሜራው ሲጠጋ ቦታው ትንሽ ስለሚሸሽ አንዱን ሁለት ጊዜ ለቅሞታል። ከሠላሳ እስከ ሠላሳ ሁለት ያሉትን ምስሎች ይክፈቱ።"

ኃላፊዋ ከፈቱ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።

"አንድ ነው" አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። "ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የምረቃ ፎቶዬን የተነሣሁት እርስዎ ዘንድ ነው" አሉ፤ ጣታቸውንም ጉንጫቸው ላይ ወዳለችው ነጥብ ወሰዱ። "ይህችን አጠፉልኝ። ሳልጠይቅዎ። እናቴ 'የማን ልጅ ናት ይቺ?' ብላ አልሰቅልም አለች። እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።"

ጋሽ ብሩሽ ፊታቸውን አስተውለው አዩ። አላስታወሷቸውም፤ ስንቱን አጥፍተዋል። ነገር ግን በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከፍቶት የሄደ ሰው ሊኖር እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አሰቡ።

"አጥፍቼ ይሆናል" አሉ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኔጋቲቩ ቢኖር እመልስልዎ ነበር።"

"ግድ የለም፤ ነጥቧ እንደሆነ የትም አልሄደችም" አሉ ኃላፊዋ፤ በከንፈራቸው ጠርዝ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታይቶ ጠፋ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ማተሚያ ቤቱን አንድ ሳምንት እንዲጠብቅ እነግረዋለሁ። ዘጠኙ ይስተካከሉ። የቀሩት አርባዎቹም እንዲህ ያለ ገጽ እየተያያዘላቸው ይምጡልኝ።"

"ማን ያምጣቸው?" አሉ ጋሽ ብሩሽ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ። አዲስ ሰው ባመጣ ስሕተቱ ምን እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? የእርስዎን ግን አሁን አውቀዋለሁ። እስከሚቀጥለው ሐሙስ አሥሩ ይድረሱኝ።"

ጉንዳን ከሕንጻው ደረጃ ላይ ቆማ ጥፍሯን ስትበላ አገኟት።

"ምን አሉ?"

"አሥር ምስል፣ እስከ ሐሙስ።"

"ሌላስ?"

"ዘጠኙንም ማስተካከል አለብኝ። ፌንጣዋን አምስት እግር መመለሱ ቀላል ነው፤ የተርቧ ግንባር ነው ጊዜ የሚወስደው።"

ጉንዳን ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከዚያም ልትስቅ ስትል አጎቷ ደረጃውን ጨርሰው በአጥሩ ጥግ ጥግ መንገድ ጀምረው ነበር። አንዱ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ ወረቀቶቹ በብብታቸው፣ እግራቸው ከወትሮው ፈጠን ብሎ።

"ቀስ በል እንጂ፣ ጋሼ። አውቶቡሱ አያመልጥም።"

"ሰባ አንድ ምስል ያላት ዝንብ እየጠበቀችኝ ነው" አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።